ደጋ ከየት ይጀምራል? ወሰን የሌላቸው ቃላትና ኮምፒዩተር

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ናኩቶ ለአብ በእግሩ የሚጓዝ እንግዳ በመንገድ ያገኛቸውን ሽማግሌ «አባቴ፣ ናኩቶ ለአብ ሩቅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ «ኧረ ምን ሩቅ ነው ልጄ፣ ቅርብ ነው፤ ያችን አፋፍ ዞር ስትል ነው» የሚል ይሆናል። እንግዳው አፋፏን ይዞራል፤ ከአፋፏም ወዲያ ሌላ አፋፍ ይጠብቀዋል። ሽማግሌው ግን አልዋሹም። መንገዱ 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የቅዳሜን ገበያ ውሎ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ቤቱ ለመግባት ለለመደ የላስታ ገበሬ ይህ በእርግጥ ቅርብ ነው። በመኪና ለኖረ የከተማ ሰው ግን ሩቅ ነው።

ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር «ቅርብ» የሚለው ቃል ወሰን የሌለው መሆኑ ብዙ ጉዳት አያመጣም። ሰሚው የተናጋሪውን ጉልበት፣ የመንገዱን ጠባይና የቀኑን ሰዓት አይቶ ቃሉን በልቡ ያስተካክለዋል። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን «ጉዳዩ በቅርብ ጊዜ ውስጥ ውሳኔ ያገኛል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን፣ ያ «ቅርብ» የትኛው ቅርብ እንደ ሆነ ሳይነገረን እናውቀዋለን። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ወደ ኮምፒዩተር የገባ እንደ ሆነ ነው። ኮምፒዩተር ከሥሪቱ «አዎን» ወይም «አይደለም»፣ 1 ወይም 0 ከማለት በቀር ሌላ ፊደል አልተማረም። የተረጂዎችን መዝገብ የሚይዝ፣ ለገበሬ የዘር ምክር የሚሰጥ፣ የበሽታን ምልክት የሚመረምር ፕሮግራም ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። እንግዲህ ወሰን የሌለውን ቃል በወሰን ብቻ ለሚሠራ መሣሪያ እንደምን አድርጎ ማስረዳት ይቻላል? ይህን ጥያቄ በዛሬው ገጻችን ከላስታ ደጋ ላይ ቆመን ልንመለከተው አስበናል።

የላስታን ደጋ ደጋ ስንል ራሱ ቃሉ ያስቸግረናል። በትምህርት ቤት ሁላችንም እንደ ተማርነው የአገራችን የአየር ጠባይ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ተብሎ ይከፈላል። እነዚህን ስሞች መጽሐፍ አላወጣቸውም፤ ገበሬው ብርዱንና ሙቀቱን፣ ገብሱንና ጤፉን፣ ማሽላውንም አይቶ ያወጣቸው ናቸው። መጻሕፍት በኋላ መጥተው በሜትር ለኩአቸው። የለኩበት ሜትር ግን አንድ አልሆነም። አንዱ መጽሐፍ ደጋ ከ2,300 ሜትር ይጀምራል ሲል ሌላው ከ2,400 ይላል፤ የቆላውንም ጫፍ አንዱ 1,500 ላይ፣ ሌላው 1,800 ላይ ያቆመዋል። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በስተላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ በስተታች አገሩ ወደ ተከዜ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ከዚያ ተራራ ራስ እስከ ተከዜ ድረስ ውርጩም፣ ደጋውም፣ ወይና ደጋውም፣ ቆላውም አለ። ነገር ግን ያንን ቁልቁለት በእግሩ የሚወርድ ሰው «ደጋው እዚች ድንጋይ ላይ አለቀ» የሚልበት ስፍራ አያገኝም። በ2,300 እና በ2,299 ሜትር መካከል ገብሱ አይለወጥም።

ይህ ነገር ሊቃውንትን ማስቸገር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረ ኤውቡሊደስ የሚባል የሚሊጢን ሰው የእህል ቁልልን ጥያቄ አቀረበ ይባላል። ወደ አውድማችን አምጥተን ብንናገረው እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ የገብስ ቁልል አለ። ከዚህ ላይ አንዲት ፍሬ ብናነሣ የቀረው ቁልል አይደለምን? ነው እንጂ። ሌላም ፍሬ ብናነሣ? አሁንም ቁልል ነው። አንዲት ፍሬ ቁልልን ቁልል ከመሆን አታወጣውምና። እንዲህ እያልን ብንቀጥል ግን በመጨረሻ አንዲት ፍሬ በአውድማው ላይ ትቀራለች፤ እሷንም «ቁልል ናት» ልንል ነው። ሰው በመካከሉ «ኧረ በቃ!» ብሎ ይሥቃል። ኮምፒዩተር ግን አይሥቅም፤ አይደክምምም። «ቁልል የሆነ ነገር አንዲት ፍሬ ቢጐድለውም ቁልል ነው» የሚል ሕግ ከሰጠነው እያንዳንዱን እርምጃ በትክክል ተራምዶ ወደ ሐሰት ይደርሳል። እንዲያስቡ ስለሚሠሩ መሣሪያዎች የሚጨነቁ ሰዎች ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ ያልቻሉት ስለዚህ ነው።

ነገሩን ከሌላ ነገር መለየት ይገባናል። የላስታ ጎረቤት የሆነችው ዋድላ በቅኔ ትምህርት የታወቀች አገር ናት፤ በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ሆኖ ሁለት ትርጕም ይይዛል። ወሰን የሌለው ቃል ስንል ግን ይህን ማለታችን አይደለም። በታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ ላይ ቆሞ «ገና ነው» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው፣ በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ለማለት ነው ብሎ ቢጠራጠር፣ ነገሩ የሁለት ቃላት ነው፤ በንባብ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። አንዱ ከተመረጠ በኋላ ጥርጥር አይቀርም። «ደጋ» ግን ትርጕሙ አንድ ነው፤ ማንም አይስተውም። ያልታወቀው ትርጕሙ የሚያልቅበት ስፍራ ነው። ለመጀመሪያው ችግር መፍቻው ዙሪያውን ያለውን ንግግር ማየት ነው፤ ለሁለተኛው ይህ አይበቃም።

ለሁለተኛው ችግር ሰፊ መንገድ የከፈተው ሎትፊ ዛዴህ ነው። ዛዴህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በባኩ ተወልዶ በቴህራን ያደገ፣ ኋላም በአሜሪካ አገር በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረና በ2017 ያረፈ ምሁር ነው። በ1965፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም.፣ ባወጣው አጭር ጽሑፍ አንድ ነገር በአንድ ቃል ውስጥ «ገብቷል» ወይም «አልገባም» ብቻ አይባል፤ በምን ያህል መጠን ገብቷል ተብሎ ከ0 እስከ 1 ባለ ቍጥር ይነገር አለ።

ይህን በደጋችን ላይ እንሞክረው። ለምሳሌ ያህል ብቻ 2,200 ሜትርና ከዚያ በታች ያለው ስፍራ የደጋነቱ መጠን 0፣ 2,600 ሜትርና ከዚያ በላይ ያለው 1 ይሁን እንበል። በመካከሉም በየ100 ሜትሩ 0.25 ይጨመር። በዚህ ሒሳብ 2,400 ሜትር ላይ ያለ ማሳ የደጋነቱ መጠን 0.5 ነው፤ 2,500 ሜትር ላይ ያለው 0.75 ይሆናል፤ ወይና ደጋነቱም 0.25 ነው። «ደጋ ከሆነ ገብስ፣ ወይና ደጋ ከሆነ ጤፍ» የሚል ሕግ የተሰጠው ኮምፒዩተር ሁለቱንም ሕጎች በየመጠናቸው ያደምጣል፤ ለገብሱ የበለጠ ያዳላል፤ ጤፉንም ፈጽሞ አይጥለውም። ጥቅሙ የሚታየው በጎረቤታሞች መካከል ነው። በአንድ መስመር ብቻ ቢከፈል ኖሮ ከመስመሩ በላይና በታች ያሉ፣ ድንበራቸው አንድ ገመገም የሆነ ሁለት ገበሬዎች ፈጽሞ የማይገናኝ ምክር ይደርሳቸው ነበር። በመጠን ሲሆን ግን የሁለቱ ምክር ለፀጉር ያህል ነው የሚለያየው። የገብሱም ቁልል በዚሁ መንገድ ይፈታል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሙሉ እውነት ሳይሆን ለእውነት እጅግ የቀረበ ነውና፣ በእያንዳንዷ ፍሬ እውነቱ በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰ በመጨረሻ ባዶ ይቀራል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሲሳሳቱ እናያለን። 0.75 የተባለውን እንደ ዕድል ግምት ይቈጥሩታል። የሜትዎሮሎጂ ሰዎች «ነገ ዝናብ የመዝነቡ ዕድል 0.75 ነው» ቢሉ ነገ ሲመጣ ወይ ይዘንባል፣ ወይ አይዘንብም፤ ግምቱም በዚያ ያበቃል። የላሊበላ ደጋነት ግን ነገ የሚገለጥ ምስጢር አይደለም። ከፍታውን በሜትር፣ ብርዱን በዲግሪ ሁሉ ለክተን ብንጨርስም ቃሉ ያው እንደ ተንጠለጠለ ይኖራል። አለማወቅና ወሰን ማጣት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ቍጥር ቢጻፉም አይምሰሉን።

የዛዴህን ሐሳብ በብዙ ስፍራ ነቀፉት፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ነቀፋው በረድ አለ። ታንዛኒያ ተወልዶ በለንደን ኵዊን ሜሪ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ኢብራሂም ማምዳኒ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከተማሪው ከአሲልያን ጋር ትንሽ የእንፋሎት ሞተር በእንዲህ ዐይነት የቃል ሕጎች እንዲገዛ አደረገ። በ1987 በጃፓን በሰንዳይ ከተማ የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ሲነሣና ሲቆም የሚገዛው በዚሁ ብልሃት ነው፤ ሥራውን የሠራው ሂታቺ የተባለው ኩባንያ ነበር። ልምድ ያለው ነጂ «ጥቂት ከፈጠነ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ያዝ» የሚለውን ዐይነት ቃል ለባቡሩ በቍጥር ነገሩት ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው በብዙ አገር መጻሕፍት የሚነበብ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን አማርኛ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ነው። ዛዴህ በ1972 ቃልን የሚያጠብቁና የሚያላሉ ቃላትን በሒሳብ አስቀመጠ። «እጅግ ረጅም» ለማለት የ«ረጅም»ን መጠን በራሱ አባዛው፤ 0.8 የነበረው 0.64 ይሆናል። «ይብዛም ይነስም ረጅም» ለማለት ደግሞ ካሬ ሥሩን አወጣ፤ 0.64 የነበረው 0.8 ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ይህ ይበቃ ይሆናል። አማርኛ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ተጨማሪ ቃል በማስጠጋት ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ራሱን ከሥሩ ያለዝበዋል። ረጅም የሆነውን «ረዘም ያለ»፣ ጥቁር የሆነውን «ጠቆር ያለ»፣ ሩቁን «ራቅ ያለ»፣ ሙቁን «ሞቅ ያለ» ይለዋል። በሩን «ከፈት አድርገው» የተባለና «ክፍት አድርገው» የተባለ ልጅ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ ይሠራሉ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበትን ዐለት ቀይ ነው ብንል የሚከራከረን ይኖራል፤ ቀላ ያለ ነው ብንል ግን የሚከራከረን የለም።

እንግዲህ «ረዘም ያለ» የ«ረጅም» ካሬ ሥር ነውን? አይደለም። በካሬ ሥር ሒሳብ ፍጹም ረጅም የሆነው ሰው፣ መጠኑ 1 የሆነው፣ «ረዘም ያለ» ሲባልም መጠኑ 1 ነው፤ የ1 ካሬ ሥር 1 ነውና። በአማርኛ ግን በሩን አጎንብሶ የሚገባውን ቁመተ ሎጋ «ረዘም ያለ ሰው ነው» ቢሉት ሰሚው ወይ ቀልድ ነው፣ ወይ አላየኸውም ይላል። «ረጅም እንኳ አይደለም፣ ብቻ ረዘም ያለ ነው» ብሎ መናገርም በአማርኛ ያማረ ንግግር ነው፤ በካሬ ሥሩ ሒሳብ ግን እንግዳ ነገር ይሆናል። ስለዚህ የእኛ «ረዘም ያለ» በሥዕል ቢሣል ከታች ተነሥቶ ከመካከለኛው ከፍ ብሎ ጕብታ ይሠራና ወደ ፍጹም ረጅሙ ሲቃረብ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን የሚያውቀው አማርኛ ተናጋሪ እንጂ ሒሳቡ አይደለም። ከውጭ የመጣውን ሕግ እንዳለ ወስዶ በአማርኛ ቃላት ላይ መጫን ጫማን ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው።

ቍጥር እንኳ በአማርኛ ወሰኑን ይጥላል። «አንድ አሥር ሰው መጥቷል» የሚለውን ኮምፒዩተሩ እንደ ተጻፈ ቢያነበው ወይ አሥራ አንድ ይለዋል፣ ወይ ግራ ይገባዋል፤ እኛ ግን አሥር ገደማ መሆኑን እናውቃለን። «ሁለት ሦስት ቀን ታገሠኝ» ያለን ሰው በአራተኛው ቀን ቢመጣ ቃሉን አላጠፈም፤ በዐሥረኛው ቢመጣ ግን አጥፏል። «ረፋድ» የሚለውንም ከወሰድን፣ ማለዳው አልፎ ቀትር ሳይደርስ ያለው ጊዜ ነው፤ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ቢባል ብዙ ሰው ይስማማ ይሆናል፤ ሆኖም በሦስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ «አሁን ረፈደ» የሚል የለም። ለዚህ ቃል በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ስለማይገኝለት ሲተረጐም በጥቅሉ «ጠዋት» ሆኖ ያልፋል።

ይህን የምንለው በዚህ ዘመን ለወጡት፣ ከብዙ ጽሑፍ ቋንቋን ለሚማሩ ኮምፒዩተሮች ጭምር ነው። እነዚህ «ደጋ 0.75» ብሎ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም፤ ቃሉ በምን በምን ስፍራ እንደሚነገር ከተጻፈው ያጠናሉ። ነገር ግን በአማርኛ የተጻፈው በመረብ ላይ የሚገኘው ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። «ረፋድ»ንና «ረዘም ያለ»ን በበቂ ካላገኙ በባዕድ ቃል በኩል ዞረው ይረዱአቸዋል፤ በዚያ በዙሩ መንገድ ደግሞ ለዝቦ የተነገረው ቃል ፍጹም ሆኖ ይመጣል፤ «ጠቆር ያለ ደመና ታየ» ያለው ገበሬ ጥቁር ደመና አየ ተብሎ ይመዘገባል።

ደመናውስ ይሁን። «ድኻ» የሚለው ቃል ግን የሰው እንጀራ አለበት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሰሜን ወሎን ጨምሮ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የምግብ እጥረት ለጸናባቸው ቤተ ሰቦች እርዳታ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ጉልበት ያለው በሕዝባዊ ሥራ ላይ እየዋለ፣ ጉልበት የሌለው በቀጥታ ድጋፍ። ተረጂውን ለመለየት ከተሰጡት መመዘኛዎች አንዱ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የእህል ጉድለት የነበረበት ቤተ ሰብ የሚል ነበር። ሦስት ወር መስመር ነው። ሁለት ወር ከሃያ አምስት ቀን የጐደለበትስ? ከጎረቤት ተበድሮ ሦስተኛውን ወር ያለፈው፣ ጉድለቱ ሁለት ወር ነው ወይስ ሦስት?

የቀበሌው ስብሰባ ይህን ያውቀዋል። ሰዎቹ ተቀምጠው «የእገሌ በሬ ሞቶበታል፤ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ነው ያለው»፣ «የእገሊት ልጅ ከከተማ ይልክላታል» ይባባላሉ። ድኽነት በአንድ ሜትር አይለካምና በሬው፣ ማሳው፣ ጉልበቱ፣ ዕዳው ሁሉ በአንድነት ይታያል። ስሙ ወደ መዝገቡ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ንግግር ይቀርና በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ምልክት ብቻ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚያየው ሰው፣ ወይም ኮምፒዩተር፣ ያለ ጥርጥር የገባውንና በአፋፉ ላይ ተንጠልጥሎ የገባውን መለየት አይችልም።

እዚህ ላይ ከዛዴህ የተለየ ሌላ መንገድ አለ። ኪት ፋይን የተባለ ፈላስፋ በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ቍጥር ከመስጠት ይልቅ ቃሉ በአግባብ ሊሰመርበት የሚችለውን መስመር ሁሉ በአንድነት እንመልከት አለ። በሁሉም መስመር ድኻ የሚባለው በእርግጥ ድኻ ነው። በየትኛውም መስመር ድኻ የማይባለው በእርግጥ አይደለም። በአንዱ መስመር ገብቶ በሌላው የሚወጣው በመካከል ያለ ነው። የዚህ መንገድ ትልቁ ዋጋ እንዲህ ነው። በሌላ ሁሉ እኩል የሆኑ ሁለት ቤተ ሰቦች ቢኖሩና አንዱ አንድ በሬ፣ ሌላው ምንም በሬ የሌለው ቢሆን፣ መስመሩን የትም ብናሰምረው ባለ በሬው ገብቶ በሬ የሌለው ሊወጣ አይችልም። ሁለቱም በመካከል ያሉ ቢሆኑ እንኳ ይህ አይፈርስም። መስመሩ የት እንደ ሆነ ሳናውቅም ልናረጋግጠው የምንችለው ፍትሕ አለ ማለት ነው። ኮምፒዩተርም ይህን ያህሉን በቀላሉ ሊጠብቅ ይችላል፤ መዝገቡን አገላብጦ «ይህ ገብቶ ያ ስለምን ወጣ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይልቁንም ሦስተኛ መልስ ሊኖረው ይገባል እንላለን፤ «አዎን»፣ «አይደለም»፣ «ይህ በመካከል ያለ ነውና ወደ ስብሰባው ይመለስ»። ሦስተኛውን መልስ የማያውቅ ፕሮግራም የሠራውን መስመር ከተፈጥሮ የተገኘ ያስመስለዋል።

በተግባር መስመሩን የሚያሰምረው ብዙ ጊዜ የቃሉ ትርጕም አለመሆኑን ወጣት ሹማምንት ይወቁልን። የእርዳታው ልክ አስቀድሞ በኮታ ይመጣል፤ ለአንድ ቀበሌ የተመደበው ቦታ ሲሞላ ቀጣዩ ሰው ይወጣል። ይህ ምናልባት የማይቀር ነገር ነው፤ በጀት ወሰን አለውና። ነገር ግን «ኮታው ሞላ» እና «ድኻ አይደለህም» ሁለት ልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። በመዝገቡ ውስጥ በአንድ ሣጥን ሲጻፉ የወጣው ሰው ሁለት ጊዜ ይጐዳል።

ወሰን የሌለው ቃል ከዚህም የከበደ ሥራ ይጠበቅበታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ችጋር ብዙ ሕዝብ ያለቀው የመንግሥቱ ባለ ሥልጣኖች ነገሩን በስሙ ለመጥራት በዘገዩበት ጊዜ ነው። «ችጋር» ወሰን የሌለው ቃል በመሆኑ ሊደብቀው ለፈለገ ሰው ተመቸው፤ «ጥቂት እጥረት» ይባላል፣ ይታለፋል። በ2004 በሶማሊያ ተጀምሮ ኋላ በብዙ አገር የተሠራበት የምግብ ዋስትና ደረጃ ምደባ ይህንን በር ለመዝጋት የታሰበ ነው። አምስት ደረጃዎች አሉት፤ አምስተኛው ረኀብ የሚባለው ከቤተ ሰቦች ቢያንስ 20 በመቶው ምግብ ፈጽሞ ሲያጣ፣ ከሕፃናት ከ30 በመቶ በላይ በጽኑ ሲከሱ፣ ከ10,000 ሰው በየቀኑ ከሁለት በላይ ሲሞት ነው። በዚህ መስመር ላይ እኛ ተቃውሞ የለንም። ስሙን የሚጠራ ሰው ሲጠፋ ቍጥሩ ይጠራዋልና መስመሩ ጠቃሚ ነው። ግን 29 በመቶ የከሱበት አገር 30 በመቶ ከከሱበት ጋር ወንድማማች መሆኑን መስመሩ አይናገርም፤ ሁለተኛም ቍጥሩን የሚለካ ሰው ወደ ስፍራው ካልደረሰ ቃሉም አይጠራም። መስመር የሚያስፈልገው ሰው ቃሉን ሊሸሽበት በሚፈልግበት ስፍራ ነው፤ መጠን የሚያስፈልገው ሰው በቅንነት ሊመዝን በሚፈልግበት ስፍራ ነው። ለኮምፒዩተር ሕግ የሚጽፍ ወጣት ከሁለቱ የትኛው ስፍራ ላይ እንደ ቆመ አስቀድሞ መለየት አለበት።

አሁን በመጨረሻ አንድ የሒሳብ ነገር ብቻ እንንገር፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነውና። ለቀጥታ ድጋፍ የሚመረጠው ቤተ ሰብ ድኻ «እና» ጉልበት የሌለው መሆን አለበት። ሁለቱም ቃላት ወሰን የላቸውም። አንዲት እናት በድኽነት 0.6፣ በጉልበት ማጣትም 0.6 ተመዘኑ እንበል። ሌላ አባት በድኽነት 0.9፣ በጉልበት ማጣት 0.5 ተመዘኑ። ቦታው አንድ ብቻ ቀርቷል። «እና» የሚለውን ቃል ዛዴህ ከሁለቱ መጠን ትንሹን በመውሰድ ያሰላዋል፤ በዚህ እናቲቱ 0.6፣ አባትየው 0.5 ይሆናሉና ቦታው ለእናቲቱ ይሆናል። ሌሎች ምሁራን ደግሞ ሁለቱን መጠኖች በማባዛት ያሰሉታል፤ በዚህ እናቲቱ 0.36፣ አባትየው 0.45 ይሆናሉና ቦታው ለአባትየው ይሆናል። ሁለቱም ስሌት በመጻሕፍት የታወቀ ነው፤ ሁለቱም የሒሳብ ስሕተት የለበትም። ከሁለቱ አንዱን የመረጠው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው፤ የመረጠውም ላሊበላን ሳያይ፣ ምናልባትም መምረጡን ሳያስተውል፣ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ነው። ያቺ መስመር በየትኛውም የቀበሌ ስብሰባ ላይ አልተነበበችም።